ቅዱስ ኤጲፋንዮስ እና ታናሹ ዓለም

ላምበረት መናኸሪያ አውቶቡስ ስንጠብቅ አፈሩ ከእግራችን በታች፣ ነፋሱ ፊታችን ላይ፣ የፀሐዩ እሳት አናታችን ላይ፣ ውኃውም በእጃችን ነው። አራቱም በውስጣችን አሉ። በቅዱስ ኤጲፋንዮስ ስም የሚጠራው አክሲማሮስ የስድስቱን ዕለታት ፍጥረት ይተርካል። ሊቃውንቶቻችንም ሥጋችን ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት መሆኑን፣ ነፍሳችን ደግሞ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት መሆኗን ያስተምራሉ። ሰው ታናሽ ዓለም የሚባለው ለዚህ ነው።

ቅዱሱ በፍልስጤም ምድር ተወለደ። በወጣትነቱ ግብፅ ወርዶ ከመነኮሳት ጋር ኖረ፤ ተመልሶም ገዳም መሠረተ። በ367 እ.ኤ.አ. ገደማ የቆጵሮስ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። 80 የኑፋቄ ወገኖችን እየዘረዘረ መልስ የሰጠበትን ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ።

በጾም ሰሞን ሆዳችን ሲጎድል ቶሎ የሚነሣብን እሳቱ ነው፤ ጾመኛ ሲቆጣ ያላየ የለም። ይህ እሳት በቅዱሱም ነበረ። በስተርጅናው ቁስጥንጥንያ ሄዶ ከዮሐንስ አፈወርቅ ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ቅዱሳን ናቸውና ይህን ስናነብ አንደንግጥ። በዮሐንስ ላይ የተጠራው ጉባኤ ሳይደረግ ኤጲፋንዮስ መርከብ ተሳፈረ። በ403 እ.ኤ.አ. ቆጵሮስ ሳይደርስ ባሕር ላይ፣ በውኃና በነፋስ መካከል ዐረፈ። መታሰቢያው ግንቦት 17 ነው።