ከጨርቅ ሱቅ እስከ ማርስ፦ ኤች. ጂ. ዌልስና አንባቢዎቹ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የጠፈር መንኮራኩርና የብረት ሰው ነው። ከዚህም የተነሣ ነገሩን የልጆች መጫወቻ አድርገው የሚያዩ፣ ከኅብረተሰብ ኑሮ ጋር ምን አገናኘው ብለው የሚያልፉት ጥቂቶች አይደሉም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ይህ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ማን እንደጻፈው ብቻ ሳይሆን ለማን እንደተጻፈም ካልታወቀ ምኑም አይገባም ባይ ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው እንግሊዛዊው ደራሲ ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ነው። ሰውየው እንደኛው ዕጩ መምህር የነበረ፣ ጠመኔ የጨበጠ፣ የመጀመሪያዎቹን ጽሑፎቹንም በተማሪዎች መጽሔት ያወጣ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዌልስ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1866 በለንደን አጠገብ በምትገኘው በብሮምሊ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆሴፍ አትክልተኛ ነበር፤ በኋላ የሸክላ ዕቃና የክሪኬት መጫወቻ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ሱቋ ግን ገበያ አልነበራትም። ቤቱን ይደጉም የነበረው አባትየው ለክፍያ ክሪኬት እየተጫወተ የሚያገኛት ገንዘብ ነበረች። እናቱ ሣራ ደግሞ ከማግባቷ በፊት የባላባት ቤት ደንገጡር ነበረች።

በ1874 ልጁ እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ ዋለ። አባቱ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተዋሰ ያመጣለት ጀመር፤ የንባብ ፍቅር የያዘው ያን ጊዜ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የአባትየው ጭን ተሰበረና የክሪኬቱ ገቢ ቀረ። በ1880 እናትየው ቀድሞ ወደምታገለግልበት አፕፓርክ ወደሚባለው የባላባት ግቢ የሠራተኞች ኃላፊ ሆና ተመለሰች። አፕፓርክን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ጌቶቹ ላይ ብርሃን በሞላበት አዳራሽ ይኖራሉ፤ አገልጋዮቹ ግን ከምድር በታች በተቆፈረ መተላለፊያ እየተሽሎከሎኩ ነው የሚያመላልሱት። ልጁ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ይህን ሁሉ አይቷል።

እናቱ ያሰበችለት ሙያ የጨርቅ ነጋዴነት ነበር። በ1881 ሳውዝሲ በሚባል ቦታ አንድ የጨርቅ ሱቅ በተለማማጅነት ገባ። በቀን 13 ሰዓት ያህል ቆሞ ጨርቅ ሲያጥፍና ሲዘረጋ ይውላል፤ ሌሊት ከሌሎች ተለማማጆች ጋር በአንድ ክፍል ታጉሮ ያድራል። ሁለት ዓመት ያህል ታገሠ። በመጨረሻ አንድ እሁድ ጠዋት ረዥሙን መንገድ በእግሩ ተጉዞ አፕፓርክ ድረስ ሄደና ለእናቱ በቃኝ አላት።

ያወጣው ማስተማር ነው። በ1883 ሚድኸርስት በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት እየተማረ የሚያስተምር ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ቀን ትንንሾቹን ያስተምራል፤ ማታ ሳይንስ ያጠናል። በዚያን ዘመን በሳይንስ ፈተና ለሚያልፍ ተማሪ መንግሥት ላስተማረው ሰው ገንዘብ ይከፍል ስለነበር ርእሰ መምህሩ ዌልስን በየትምህርቱ አስፈተኑት። ሁለቱም ተጠቀሙ ማለት ነው! በውጤቱም በ1884 የነፃ ትምህርት ዕድልና በሳምንት 21 ሺሊንግ ተቆርጦለት ለንደን ወደሚገኘው ኖርማል ስኩል ኦፍ ሳይንስ ገባ። ይህ ተቋም ስሙ እንደሚያስረዳው ከሞላ ጐደል የሳይንስ መምህራን ማሠልጠኛ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሥነ ሕይወት ያስተማሩት ፕሮፌሰር ቶማስ ሃክስሊ ሲሆኑ፣ የዳርዊንን የዝግመተ ለውጥ ትምህርት በአደባባይ በመከላከል የታወቁት ናቸው። ዌልስ እሳቸውን ዕድሜ ልኩን አልረሳም። ሌሎቹ መምህራን ግን አሰለቹት መሰል፣ በ1887 የመጨረሻውን የጂኦሎጂ ፈተና ወደቀ።

ፈተናውን ለመውደቁ አንዱ ምክንያት በተማሪዎቹ የክርክር ክበብና መጽሔት መጠመዱ ነው። መጽሔቱን በ1886 ካቋቋሙት አንዱና የመጀመሪያው አዘጋጅ እሱ ነበር። በ1888 በዚሁ መጽሔት ላይ በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዝ ሰው አንድ ያልበሰለ ታሪክ በተከታታይ አወጣ። ለግድግዳ ጋዜጣችን ጽሑፍ ለማዋጣት የሚያፍር ካለ ይህችን ያስታውስ፤ ዓለም ያወቀው መጽሐፍ ዘሩ የተዘራው እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መከራ ነበር። ዌልስ አገር አንድ ትምህርት ቤት ሲያስተምር በእግር ኳስ ሜዳ ተመትቶ ኩላሊቱ ተጐዳ። ለንደን ተመልሶም አስተማረ፤ በ1890 በዲግሪ ተመረቀ፤ በተልዕኮ ትምህርት ኮሌጅም አስጠኚ ሆነ። በ1893 ደም ሲተፋ ግን ሐኪሞቹ ሳንባው እንደታመመ ነገሩት። ቆሞ ማስተማር ስላልተቻለው ተቀምጦ መጻፍ ያዘ።

እዚህ ላይ ስለ አንባቢዎቹ ሳንናገር ማለፍ አይቻልም። በእንግሊዝ አገር በ1870 የወጣው የትምህርት ሕግ ትምህርት ቤት በማይበቃበት ወረዳ በምርጫ የተቋቋመ ቦርድ እንዲያሠራ አዘዘ። በ1880 ደግሞ ልጆች እስከ 10 ዓመታቸው ድረስ መማራቸው ግዴታ ሆነ። እንግዲህ በ1890ዎቹ የሆነውን አስቡት። የሱቅ አሻሻጭ፣ የቢሮ ጸሐፊ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ማንበብ የሚችል ግን ለትልልቅ መጻሕፍት ገንዘብም ጊዜም የሌለው አዲስ ሕዝብ ተፈጠረ። ላቲንና ግሪክኛ አልተማረም፤ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ተህዋስያንና ስለ ከዋክብት ግን ሰምቷል፤ የበለጠም ማወቅ ይፈልጋል። ይህን ያዩ አሳታሚዎች በየባቡር ጣቢያው የሚሸጥ ሥዕላዊ መጽሔት ማተም ጀመሩ። «ስትራንድ» በ1891፣ «ፒርሰንስ» በ1896 ወጡ። መጽሔቶቹ በየወሩ የሚሞላ ታሪክ ይፈልጋሉ፤ አንባቢው ሳይንስ የቀላቀለ ነገር ይወዳል። ዌልስ ይህን ሕዝብ ከመጽሐፍ አይደለም ያወቀው፤ አብሮት ጨርቅ ያጠፈ፣ በተልዕኮ ያስተማረው ነው።

ልዩነቱን ለማየት ከፈረንሳዊው ከዡል ቬርን ጋር ማስተያየት ነው። የቬርን አሳታሚ ሄትዘል ለቤተሰብ የሚሆን የትምህርትና የመዝናኛ መጽሔት ነበረው። ስለዚህ የቬርን ታሪኮች ልጅና ወላጅ አብረው የሚያነቧቸው፣ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዱ፣ በአመዛኙም ተስፋ የሞላባቸው ሆኑ። በ1863 ገደማ ቬርን ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ጨለም ያለ ታሪክ ጽፎ ቢያቀርብ ሄትዘል አልቀበልም አለው። ያ ጽሑፍ የታተመው በ1994 ነው። አንድ መጽሐፍ 130 ዓመት ያህል መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው አንባቢ አይቀበለውም ተብሎ ነው ማለት ነው! ቬርን በስተርጅናው ዌልስ መሣሪያውን እንዲያው ከአየር ይፈጥራል እያለ ቅር ይሰኝ ነበር። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ የዌልስ አንባቢ ግን ከማሽኑ ይልቅ ማሽኑ የት እንደሚያደርሰው ነበር የሚጠይቀው።

«የጊዜ መኪና» በ1895 ታትሞ ወጣ። ተጓዡ 802,701 ዓመተ ምሕረት ላይ ሲደርስ የሰው ዘር ለሁለት ተከፍሎ ያገኘዋል። በምድር ላይ ኢሎይ የሚባሉ ሥራ የማያውቁ፣ እንደ ሕፃን የሚጫወቱ ስሶች አሉ። ከምድር በታች ደግሞ ሞርሎክ የሚባሉ ማሽን የሚያንቀሳቅሱ፣ ብርሃን የማይችሉ ፍጡራን ይኖራሉ፤ ሌሊት ወጥተው ኢሎዮቹን ይበሏቸዋል። የአፕፓርክ መተላለፊያ ትዝ አላላችሁም? የሃክስሊ ዝግመተ ለውጥና የደንገጡሯ ልጅ ትዝታ አንድ ላይ ተቦኩ። ያን ጊዜ በእንግሊዝ ሠራተኛው ማኅበር እያቋቋመ፣ የሥራ ማቆም አድማ እየመታ ነበርና አንባቢው የታሪኩን ፍሬ ነገር ለመረዳት አስረጂ አላስፈለገውም።

በዚያው ዓመት ዌልስ ወኪንግ ወደተባለች ከተማ ተዛወረ። ብስክሌት ተማረና በአካባቢው እየዞረ በልብ ወለዱ የሚያጠፋቸውን መንደሮች መረጠ። «የዓለማት ጦርነት» በ1897 በ«ፒርሰንስ» መጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ በ1898 መጽሐፍ ሆነ። በዚያ ዘመን የወረራ ታሪክ አዲስ አልነበረም። ፕሩስያ ፈረንሳይን ድል ካደረገች ወዲህ፣ ከ1871 ጀምሮ፣ ጀርመን እንግሊዝን ስትወር የሚያሳዩ ልብ ወለዶች ይነበቡ ነበር። ዌልስ ይህን የቆየ ፍርሃት ወስዶ ገለበጠው። ወራሪዎቹ ጀርመኖች ሳይሆኑ የማርስ ፍጡራን ናቸው፤ ሦስት እግር ባላቸው ማሽኖች እየሄዱ በሙቀት ጨረር ያቃጥላሉ። እንግሊዞች በታዝማኒያ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን እልቂትም ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ያነሣል። የዓለምን ሩብ ያህል ለሚገዛ አገር አንባቢ ተገዥ መሆን ምን እንደሚመስል በገዛ መንደሩ አሳየው። በመጨረሻ ማርሳውያኑን የሚገድላቸው መድፍ ሳይሆን በዓይን የማይታይ ተህዋስ ነው። ይህ የሥነ ሕይወት አስተማሪ ያመጣው ፍጻሜ ነው።

መጽሐፉ ከመታተሙ ጀምሮ የአንባቢውን አገር ይዞ መጓዝ ያዘ። ያኔውኑ የኒው ዮርክና የቦስተን ጋዜጦች ታሪኩን ወስደው፣ የእንግሊዝን መንደሮች ሰርዘው የራሳቸውን ከተማ ስም አስገብተው አተሙት። ዌልስ ተቆጣ። ነገር ግን ቁጣው ምንም አልፈየደም።

ከ1901 በኋላ የዌልስ ጠባይ ተለወጠ። የፌቢያን ማኅበር አባል ሆነ፤ ስለ ዓለም መንግሥት መስበክ ጀመረ፤ በ1922ና በ1923 በሌበር ፓርቲ ስም ለፓርላማ ተወዳድሮ አልተመረጠም። በ1920 ያሳተመው የዓለም ታሪክ በሰፊው ተሸጠ። ልብ ወለዶቹ ግን እየዋለ እያደረ ንግግር እየበዛባቸው ሄዱ። እኔ እንደሚመስለኝ ቀድሞ አንባቢውን ያዳምጥ ነበር፤ በኋላ ግን አንባቢውን ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ያስተምረው ጀመር። አንባቢው ደግሞ ወደ ድሮዎቹ መጻሕፍት ነው የተመለሰው።

ሆኖም በ1914 ያወጣው አንድ መጽሐፍ ሳይነሣ አይታለፍም። አቶሚክ ቦምብ የሚል ስም ሰጥቶ ከተሞችን የሚያወድም መሣሪያ በልቡ ፈጠረ። የሀንጋሪው ተወላጅ የፊዚክስ ሊቅ ሊዮ ዚላርድ ይህን በ1932 አነበበ፤ በ1933 የኒውክሊየር ሰንሰለታዊ አጸግብሮት ሐሳብ መጣለት። ዌልስ ራሱ በ1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ ሲወድሙ ለመስማት ዕድሜ ሰጠው።

በ1920 ወደ ሩስያ ሄዶ ሌኒንን በክሬምሊን አነጋገረ። ሌኒን አገሪቱን በሙሉ በኤሌክትሪክ ስለማዳረስ ዕቅድ ሲያስረዳው ዌልስ ሊያምን አልቻለም። የሰው ልጅን በ802,701 ያየ ሰው የአሥርና የሃያ ዓመቱ ነገር ከበደው! በዚያችው አገር ዛምያቲን የተባለ ደራሲ የዌልስን ሥራ በጥልቅ አጥንቶ ነበር። ከ1920 እስከ 1921 የጻፈው «እኛ» የተሰኘው ልብ ወለድ ግን ሁሉ በሥርዓት የተለካበትን የወደፊት ኑሮ ተስፋ ሳይሆን እስር ቤት አድርጎ ነው ያሳየው።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር ደግሞ ሌላ አንባቢ እናገኛለን። ሁጎ ገርንስባክ በኒው ዮርክ የሬዲዮ ዕቃ ነጋዴ ነበር፤ ደንበኞቹ በየቤታቸው ሬዲዮ የሚገጣጥሙ ወጣቶች ናቸው። በኤፕሪል 1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን መጽሔት ሲጀምር ከመጀመሪያው እትም አንሥቶ የዌልስን ታሪኮች አወጣ። የአንባቢ ደብዳቤዎችን ከነአድራሻቸው ስላተመ ወጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተጻጻፉ፤ ክበብ አቋቋሙ፤ በ1939 የመጀመሪያውን የዓለም ስብሰባቸውን በኒው ዮርክ አደረጉ። ከነዚያ አንባቢዎች መካከል የኋላ ዘመን ደራሲዎች ወጥተዋል። እነሱ የፈለጉት የሚሠራ ማሽንና ጀብዱ ስለነበር የዌልስ የመደብ ጥያቄ በመንገድ ላይ ቀረ። ይህ ለእኔ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ያለ እነሱ ዘርፉ ስም ያለው ሆኖ ባልቆመ ነበር።

ኦክቶበር 30 ቀን 1938 ኦርሰን ዌልስ (ስማቸው በአማርኛ አንድ መሰለ እንጂ ዝምድና የላቸውም) «የዓለማት ጦርነት»ን በአሜሪካ ሬዲዮ አቀረበ። ታሪኩ ወደ ኒው ጀርሲ ተዛውሮ፣ ሙዚቃ እያቋረጠ በሚገባ የዜና መግለጫ መልክ ተሠራ። ሕዝቡ ከአንድ ወር በፊት በሙኒክ ቀውስ ጊዜ ልክ እንደዚያው ሙዚቃ እየተቋረጠ የአውሮፓን የጦርነት ሥጋት ሲሰማ ነበር የሰነበተው። ስለዚህ ከደነገጡት አንዳንዶቹ የመጣው ማርሳዊ ሳይሆን ጀርመን መስሏቸው ነበር። ጋዜጦች ድንጋጤውን እጅግ አጋነውት እንደነበር ዛሬ ታውቋል፤ ጭራሽ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ሁለቱ ዌልሶች በ1940 በቴክሳስ ተገናኝተው በሬዲዮ አብረው ተነጋግረዋል።

ደራሲው ኦገስት 13 ቀን 1946 በ79 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ። ማርሳውያኑ ግን አላረፉም። በፌብሩዋሪ 1949 የኢኳዶር ዋና ከተማ የኪቶ ሬዲዮ ያንኑ ታሪክ በራሱ ከተማ ስም አስተላለፈ። ሕዝቡ ወደ ጐዳና ወጣ፤ ነገሩ ድራማ መሆኑ ሲነገረው በቁጣ ጣቢያው ያለበትን ሕንፃ አቃጠለ፤ ሰዎችም ሞቱ። በ1953 ሆሊውድ ፊልም ሲያደርገው ጦርነቱ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ በማርሳውያኑ ላይ አቶሚክ ቦምብ ይጣልባቸዋል፤ ምንም አያደርጋቸውም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ቄስ በፍርሃት የሚያብድ ደካማ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ያለው ግን መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ወደ ጠላት የሚራመድ ጀግና ነው። የ1953 የአሜሪካ ተመልካች የዌልስን ቄስ ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረም። በ2005 ስቲቨን ስፒልበርግ እንደገና ሲሠራው ታሪኩ ወደ ኒው ጀርሲ ተመለሰ። በፊልሙ ውስጥ ሰዎች አመድ ለብሰው ይሮጣሉ፤ በየግድግዳው ላይ የጠፉ ዘመዶች ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ከአራት ዓመት በፊት በሴፕቴምበር 2001 የኒው ዮርክ ሕንፃዎች ሲፈርሱ ሕዝቡ ያየው ይህንኑ ነበር።