ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ከብራና እስከ ሸራ

ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በዘመናዊው የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ታሪክ ከፍ ያለ ስፍራ ካላቸው ባለሙያዎች አንዱ ናቸው። ስማቸው በብዛት የሚነሣው ረቂቅ የሚባለውን የአሣሣል ስልት ለአገራችን ተመልካች በማስተዋወቃቸው ነው። የሕይወት ታሪካቸው ግን ከአንድ ስልት ታሪክ የሰፋ ነው። ሥዕል በትምህርት ገበታ ላይ ሲቀርብ በአንድ ተማሪ አእምሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ያ ተማሪ በተራው መምህር ሲሆንም ያገኘውን ለሌሎች እንዴት እንደሚያካፍል በግልጽ ያሳያል።

ልደትና የልጅነት ዘመን

ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ሲሆኑ፣ ብራና ላይ የሚጽፉና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ባለሙያም ነበሩ። ስለዚህ ልጃቸው ከቀለምና ከብዕር ጋር የተዋወቁት በቤታቸው ውስጥ ነው።

የብራና ጽሕፈት ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሙያ ነው። ቆዳው ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይሰመራል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ የመቃው ብዕር ይቀረጻል። ጽሕፈቱ በጥቁር ቀለም ይሠራል፤ የቅዱሳን ስም ግን በቀይ ይጻፋል። በገጹ ራስጌ የሚሣለው ሐረግ በመስመርና በቀለም ሥርዓት ብቻ የሚያምር ጌጥ ነው፤ ሰውን ወይም እንስሳን መምሰል የለበትም። በቅዱሳት ሥዕላትም ቢሆን ሠዓሊው የሚከተለው የራሱን ሕግ እንጂ የዓይንን ምስክርነት አይደለም፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ክፉው ግን በአንድ ዓይኑ ወደ ጎን ይሣላል። ይህ የአባት ቤት ትምህርት ከብዙ ዓመታት በኋላ በልጁ ሥራ ላይ ለተነሣው ክርክር መልስ የሚሆን ነገር በውስጡ ይዞ ነበር።

ከእርሻ ትምህርት ወደ ሥዕል

ገብረ ክርስቶስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሐረር፣ ሁለተኛ ደረጃን በአዲስ አበባ ተከታተሉ። ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው የእርሻ ሳይንስ ማጥናት ጀመሩ። በዚያ ዘመን ለኮሌጅ የበቃ ወጣት ጥቂት ነበር፤ ትምህርቱን የፈጸመም የመንግሥት ሥራና የተረጋጋ ኑሮ ይጠብቀው ነበር። እርሳቸው ግን ሁለት ዓመት ያህል ከተማሩ በኋላ ኮሌጁን ትተው ወደ ሥዕል አዘነበሉ።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም። በአገሪቱ ውስጥ ሥዕልን በሙሉ ጊዜ የሚያስተምር ዘመናዊ ተቋም ገና አልተደራጀም ነበር። በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም የተማሩት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በመሆኑም ሠዓሊ መሆን ለሚሻ ወጣት የቀረው መንገድ በግል መጣር ወይም የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ማግኘት ነበር። ገብረ ክርስቶስም ዕድሉን አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ምዕራብ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ ተጓዙ።

የኮሎኝ የትምህርት ዘመን

ኮሎኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ክፉኛ የተጎዳችና በዚያን ጊዜ ገና በመልሶ ግንባታ ላይ የነበረች ከተማ ናት። ከጦርነቱ በፊት የናዚ መንግሥት ዘመናዊውን ሥዕል ዝቅጠት ብሎ ሰይሞ ከየሙዚየሙ አስወጥቶ፣ ሠዓሊዎቹንም ከሥራ አግዶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን የጀርመን ሠዓሊዎችና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች የታገደውን መንገድ እንደገና ከፈቱ። ኢትዮጵያዊው ተማሪ የደረሱት በዚህ ወቅት ነው። ረቂቅ ሥዕል በዚያ ስፍራ ሰዎች ተከልክለው መልሰው ያገኙት ነፃነት ምልክት ነበር።

የተማሩበት የኮሎኝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕልንና ቅርጻ ቅርጽን ከልዩ ልዩ የእጅ ጥበብ ሙያዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያስተምር ነበር። የእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ክፍል ከሌላው ክፍል በአንድ ነገር ይለያል። ተማሪው የተነገረውን በቃሉ ይዞ የሚመልስበት ጥያቄ የለም። ከፊቱ ያለውን ነገር ደጋግሞ ያያል፣ ይሥላል፣ ይደመስሳል፣ እንደገና ይሥላል፤ ሥራውም በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቀርቦ ይመዘናል። በዚህ ሂደት የሚያድገው እጁ ብቻ አይደለም፤ ለምን ይህን መስመር እንደ መረጠ ለራሱ መልስ መስጠት ይለምዳል።

ገብረ ክርስቶስ እስከ እ.ኤ.አ. 1961 ድረስ በዚያ ተምረው በጥሩ ውጤት ተመረቁ። የሥዕል ዐውደ ርእይም በዚያው በኮሎኝ አቀረቡ። ከአባታቸው የወረሱት የመስመርና የቀለም ፍቅር በዚያ ክፍል ውስጥ አዲስ ቋንቋ አገኘ።

ወደ አገር መመለስና የተነሣው ክርክር

እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። በተከታዩ ዓመት ሥራዎቻቸውን በአዲስ አበባ ለሕዝብ አሳዩ። ጎልጎታ የተሰኘው ታዋቂ ሥዕላቸው የተሠራውም በዚያው ዓመት ነው። ርእሰ ነገሩ እያንዳንዱ ምእመን ከልጅነቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚያውቀው ስቅለት ነበር፤ አሣሣሉ ግን ተመልካቹ ከለመደው ፈጽሞ የራቀ ነበር።

ሥራዎቹ አድናቆትንም ተቃውሞንም አስነሡ። ተቺዎቹ ረቂቅ ሥዕል ከውጭ የመጣ፣ ለኢትዮጵያ ባህል ባዕድ የሆነ ነገር ነው ሲሉ ነቀፉ። ሠዓሊው በበኩላቸው ጥበብ የአንድ አገር ወሰን እንደማያግደው፣ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊም እንደ ማንኛውም የዘመኑ ሰው በመረጠው ስልት የመሥራት መብት እንዳለው በማስረዳት ጸኑ። ነገሩን በጥሞና ለመረመረው ደግሞ የአባታቸው ሙያ ራሱ ምስክር ነበር። የብራናው ሐረግና የጥንቱ ቅዱስ ሥዕል ዓይን ያየውን እንዳለ ለመቅዳት የተሠሩ ስላልሆኑ፣ ነገርን ወደ መስመርና ወደ ቀለም የመለወጥ ልማድ በአገሪቱ ከጥንት የነበረ ነው።

ክርክሩ ባይቆምም ሥራቸው ዕውቅና አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1965 በሥነ ጥበብ ዘርፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሸላሚ ሆኑ።

መምህሩ

ገብረ ክርስቶስ ከአሥር ዓመት በላይ በትምህርት ቤቱ አስተማሩ። በእነዚያ ዓመታት ተማሪዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ልዩ ልዩ አመለካከት ያላቸውን ባለሙያዎች የማግኘት ዕድል ነበራቸው። የትምህርት ቤቱ መሥራች አለ ፈለገ ሰላም የተፈጥሮን መልክ የሚከተል ስልት ነበራቸው፤ ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ የእንጨት ቅርጽ ሕትመትን አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ከፓሪስ የተመለሱት እስክንድር ቦጎሲያን የራሳቸውን የሕልምና የምልክት ዓለም ይዘው መጡ። ገብረ ክርስቶስ ደግሞ ረቂቁን ሥዕል ወከሉ።

የዚህ ውጤት በተመራቂዎቹ ሥራ ላይ ይታያል። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮቭ የኢትዮጵያን ፊደል ከነባቢነቱ ለይተው የሥዕላቸው ዋና አካል አደረጉ። ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ በቀርከሃ ላይ በሚሠሩት ሥዕል ታውቀው እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር የሥነ ጥበብ ቢየናሌ ተሸለሙ። ሁለቱ በአንድ ትምህርት ቤት ያለፉ ቢሆኑም ሥራቸው አይመሳሰልም። ተማሪዎቹ እርስ በርስም ሆነ መምህሮቻቸውን አለመምሰላቸው ለአንድ የሥዕል ክፍል ትልቅ ምስክርነት ነው።

ገጣሚው፣ ስደትና ሕልፈት

ገብረ ክርስቶስ በሥዕል ብቻ የተወሰኑ አልነበሩም። በግጥሞቻቸውም የተለመደውን የስንኝ አደራደር ሰብረው ስለ ፍቅር፣ ስለ አገርና ስለ ጠፈር ጽፈዋል። ግጥሞቻቸው ከሕልፈታቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታትመው ለአንባቢ ቀርበዋል።

ከእ.ኤ.አ. 1974 አብዮት በኋላ የነበረው ሁኔታ ለብዙ ባለሙያዎች አስቸጋሪ ነበር። ገብረ ክርስቶስም በ1970ዎቹ መጨረሻ ማስተማሩን ትተው፣ አብዛኛውን የድካማቸውን ፍሬ ወደ ኋላ ጥለው ከአገር ወጡ። በመጀመሪያ ወደ ተማሩባት ጀርመን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1981 በኦክላሆማ ግዛት፣ በሎውተን ከተማ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ። ለአገራቸው የነበራቸው ናፍቆት በግጥሞቻቸው ውስጥ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ትቶት ያለፉት ቅርስ

ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ተብሎ በስማቸው ይጠራል። ሥዕሎቻቸውም በዚያ ተጠብቀው ይገኛሉ። ያስተማሩበት ትምህርት ቤትም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጠቃሎ ሠዓሊዎችን ማፍራቱን ቀጥሏል።

የሥዕል ትምህርት በብዙ ወላጆች ዘንድ ከዋናዎቹ ትምህርቶች በኋላ የሚመጣ መዝናኛ ተደርጎ ይታያል። የገብረ ክርስቶስ ሕይወት ይህን አመለካከት ቆም ብሎ መመርመርን ይጋብዛል። እርሻን ትተው ሥዕልን የመረጡት ወጣት ለአገራቸው ያተረፉት ነገር ከሸራዎቻቸው ቁጥር ይበልጣል። ለተማሪ ዓይን እንዲያይ፣ እጅ እንዲሞክር፣ አእምሮም ያልተለመደውን ሳይፈራ እንዲጠይቅ ጊዜና ቦታ ሲሰጠው የሚገኘውን ፍሬ በራሳቸው ሕይወት አሳይተዋል።