የነርቭ አንጓዎች ሊቅ፦ ሉዊ አንትዋን ራንቪዬ

በሰውነት ውስጥ ስሜትና ትእዛዝ የሚመላለሱባቸው የነርቭ ክሮች ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ሽፋን የለበሱ አይደሉም። እንደ ሸንበቆ በየመካከላቸው አንጓ አላቸው። ይህን የሕክምና ተማሪ ሁሉ ገና በጠዋቱ ይማረዋል። እውነቱን በማያሻማ ሁኔታ ያረጋገጠው ፈረንሳዊው የሂስቶሎጂ ሊቅ ሉዊ አንትዋን ራንቪዬ ነው።

ራንቪዬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1835 ዓ.ም. በሊዮን ከተማ ተወለደ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው። የሕክምና ትምህርቱን በትውልድ ከተማው ጀምሮ ወደ ፓሪስ ተሻገረና በ1865 በሐኪምነት ተመረቀ። ይሁን እንጂ ልቡን የሳበው የሕሙማን አልጋ ሳይሆን ማይክሮስኮፕ ነበር። ከባልደረባው ከቪክቶር ኮርኒል ጋር ሆኖ አነስተኛ የግል ላቦራቶሪ በማቋቋም ሂስቶሎጂን ማስተማር ጀመረ፤ ሁለቱ በኅብረት ያዘጋጁት የፓቶሎጂ ሂስቶሎጂ መጽሐፍም በ1869 መታተም ጀመረ። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1867 ራንቪዬ የታላቁ ፊዚዮሎጂስት የክሎድ ቤርናር ረዳት ሆኖ ወደ ኮሌዥ ደ ፍራንስ ገብቶ ነበር። መምህሩ የአካልን ሥራ በሙከራ ሲመረምር ደቀ መዝሙሩ ያንኑ የሙከራ ሥርዓት ወደ ሕዋሳት ዓለም አሸጋገረው።

በጊዜው ስለ ነርቭ ክር የሚታወቀው ጥቂት ነበር። ቴዎዶር ሽቫን በ1839 ክሩን የሚያለብሱትን ሕዋሳት ገልጾ ነበር፤ ሩዶልፍ ፊርኾም በ1854 በውስጡ የሚገኘውን ስብ መሰል ነገር ማይሊን ብሎ ሰይሞታል። ነገር ግን ይህ ሽፋን እንዴት እንደ ተገነባ፣ ክሩ ተሸፍኖ ሳለ ምግቡን በየት በኩል እንደሚያገኝ የሚያስረዳ አልተገኘም ነበር።

ራንቪዬ ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለገው በቀለም ነው። የነርቭ ክሮችን በጥንቃቄ እየነጣጠለ በሲልቨር ናይትሬት ቢነክራቸው፣ ቀለሙ በማይሊኑ ውስጥ ማለፍ ተስኖት በተወሰኑ ጠባብ ስፍራዎች ብቻ ሲገባ አየ። በእነዚያም ስፍራዎች ጥቃቅን ጥቋቁር መስቀሎች ተሣሉ። ለጥርጣሬ ግን በቂ ምክንያት ነበር፤ ኬሚካል የነካው አካል በተፈጥሮው የሌለበትን ምልክት ሊያሳይ ይችላልና። ስለሆነም ክሮቹን በፒክሮካርሚንና በኦስሚክ አሲድም ደጋግሞ መረመረ። ኦስሚክ አሲድ ማይሊኑን ሲያጠቁረው በአንጓው ላይ ጥቁረቱ ተቋርጦ ታየ፤ የክሩ እምብርት የሆነው አክሰን ግን ሳይቋረጥ ያልፍ ነበር። ግኝቱን በ1871 አስታወቀ። በሁለት አንጓዎች መካከል በሚገኘው እያንዳንዱ ክፍል አንድ የሕዋስ እምብርት ብቻ መኖሩን በማየቱም፣ ክፍሉ የአንድ ሕዋስ ድርሻ መሆኑን ተገነዘበ።

የአንጓውን ጥቅም ሲተረጉም ግን በከፊል ብቻ ተሳካለት። ቀለም የሚገባበት በር ምግብም የሚገባበት ነው አለ፤ ማይሊኑም ፈሳሽ መስሎት አንጓው ወደ ታች እንዳይወርድ ያግደዋል ብሎ ገመተ። በሌላ በኩል በ1878 ባሳተመው የነርቭ ሂስቶሎጂ ትምህርቱ ማይሊንን የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ሽቦ ከሚለብሰው ሽፋን ጋር አነጻጸረው። የሁለቱ አሳቦች መገናኛ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1949 ሃክስሊና ሽቴምፕፍሊ የነርቭ መልእክት ከአንጓ ወደ አንጓ እየዘለለ እንደሚጓዝ በሙከራ አሳዩ። በ1954 ቤቲ ጌረን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በመታገዝ ማይሊን የሽቫን ሕዋስ የራሱ ስስ ሽፋን በአክሰኑ ላይ እንደ ጥቅልል ተደራርቦ የሚሠራው መሆኑን ገለጸች። ከሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ያህል የምትሰፋው አንጓ፣ ማይሊን የለበሱ ትላልቅ ክሮች በሴኮንድ ከ100 ሜትር በላይ እንዲያስተላልፉ ታስችላለች፤ ማይሊን የሌላቸው ቀጫጭን ክሮች ግን በሴኮንድ ከአንድ ሜትር ብዙ አይርቁም።

ራንቪዬ በ1875 በኮሌዥ ደ ፍራንስ የጠቅላላ አናቶሚ መንበር ተሰጠው፤ በ1887 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። የሂስቶሎጂ አሠራርን የሚያስተምረው ትልቁ መጽሐፉ ከፈረንሳይ ውጭም የብዙ ላቦራቶሪዎች መምሪያ ነበር፤ ስፔናዊው ራሞን ኢ ካኻልም ከዚሁ መጽሐፍ ተምሯል። ራንቪዬ በ1900 ሥራውን ለቆ ወደ ገጠር ተመለሰ፤ በ1922ም በ86 ዓመቱ አረፈ።

የድካሙ ፍሬ ከላቦራቶሪ ወደ ሕሙማን አልጋ ለመድረስ አልዘገየም። አልቤር ጎምቦ በ1880 በእርሳስ የተመረዙ ጊኒ ፒጎችን ሲመረምር፣ በአንጓዎች መካከል ያለው ማይሊን ፈርሶ ሳለ አክሰኑ ሳይበጠስ ሊቆይ እንደሚችል አገኘ። እግሩ የከዳውን ሕመምተኛ የሚመረምር ሐኪም ዛሬም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የተጎዳው ማይሊኑ ነው ወይስ አክሰኑ? የመልእክቱ ፍጥነት እጅግ ቀንሶ ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ ማይሊን ያዘነብላል። አክሰኑ ከዳነ የሽቫን ሕዋሳት ሽፋኑን እንደገና ሊያለብሱት ስለሚችሉ፣ ሕመምተኛው ተመልሶ በእግሩ የመቆም ተስፋ ይኖረዋል።