ኢርቪንግ ላንግሚዩር፦ ከአምፖል ክር እስከ ሳተላይት ገጽ

የፕላዝማ ሳይንስ መሥራች ኢርቪንግ ላንግሚዩር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 31 ቀን 1881 በብሩክሊን፣ ኒውዮርክ ተወለዱ። በ1903 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በብረታ ብረት ምህንድስና ተመረቁ፤ በ1906 በጀርመን ጎቲንገን ዶክትሬታቸውን አገኙ። ለጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ በ1909 ወደ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ገብተው እስከ 1950 በዚያው ሠሩ።

ጥናታቸው ከአምፖል ክር ጀመረ። ከጋለ ክር የሚወጡ ኤሌክትሮኖች በሙላቸው ተከታዮቻቸውን እንደሚገቱ በ1913 አሳዩ፤ ይኸው ገደብ ዛሬ የአዮን ሞተርን ጅረት ይወስናል። በ1920ዎቹ ከኬኔት ኪንግደን ጋር፣ የሴዚየም ትነት የጋለ ተንግስተንን ሲነካ ወደ አዮን እንደሚለወጥ አረጋገጡ። በ1926 ከሃሮልድ ሞት-ስሚዝ ጋር ደግሞ በፕላዝማ ውስጥ የገባ ብረት የሚሰበስበውን ጅረት አሰሉ፦ ፈጣኖቹ ኤሌክትሮኖች ቀድመው ስለሚደርሱ ብረቱ አሉታዊ ይሆናል፤ የሚገባውና የሚወጣው ሙል ሲመጣጠን ቮልቴጁ ይረጋል። ፕላዝማ የሚለውን ስያሜ የሰጡት በ1928 ነው፤ በ1932 በገጽ ኬሚስትሪ ጥናታቸው የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኦገስት 16 ቀን 1957 አረፉ። ስፑትኒክ የመጠቀችው ከዚያ በሰባተኛው ሳምንት ነው።

ሥራዎቻቸው በጠፈር የተገናኙት ከሞታቸው በኋላ ነበር። የአዮን ሞተር አዎንታዊ አዮኖችን ብቻ ቢወረውር መንኮራኩሩ አሉታዊ ሆኖ ስለሚቀር፣ ኤሌክትሮን የሚለቅ ማመጣጠኛ ይገጠምለታል። በ1969 የመጠቀችው ኤቲኤስ-5 በምድር ጥላ ውስጥ ስታልፍ ገጿ እስከ ብዙ ሺህ ቮልት አሉታዊ ይሆን ነበር። የማመጣጠኛዋ የጋለ ክር ሲሠራ ቮልቴጁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ኤሌክትሮን የሚያራግፈው ከብረት አካሏ እንጂ ኤሌክትሪክ ከማያስተላልፈው ሽፋኗ አልነበረምና። በ1974 የመጠቀችው ኤቲኤስ-6 ግን ኤሌክትሮንና አዮን የያዘ ፕላዝማ ትለቅ ስለነበር፣ ቀርፋፎቹ አዮኖች ወደ ገጿ ተመልሰው የሽፋኑንም ሙል አቃለሉ። እንግዲህ ከሞተሩ የሚወጣው ጅረት እንደ ሚዛኑ ጉዳትም መድኃኒትም ይሆናል።

ጉዳዩ ለአዊ ዞን ተመራማሪም ሩቅ አይደለም። በ2013 የመጠቁት የአውሮፓ ስዋርም ሳተላይቶች በእንጅባራና በዳንግላ ሰማይ ሲያልፉ የአዮኖስፌርን የኤሌክትሮን መጠን የሚለኩት በላንግሚዩር ስም በሚጠራ መመርመሪያ ነው። በዚህ ልኬት የሚጠቀም ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሳተላይቱን የራሱን ሙል ሊመረምር ይገባዋል፤ እርሱ ሳይታወቅ የመመርመሪያው ንባብ በትክክል አይተረጎምም።