ኤፋ ማንሊ፦ የቤዝቦል ቡድን ያስተዳደረች ሴት

በዚህ እትም የማስተዋውቃችሁ ሴት ኤፋ ማንሊ ትባላለች። ቤዝቦል በአሜሪካ ኳስ በዱላ እየተመታ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ኤፋ በዚህ ስፖርት የታዋቂዎች አዳራሽ ስሟ የሰፈረ ብቸኛ ሴት ናት። ለዚህ ክብር ያበቃት ደግሞ ሒሳብ አያያዟና በውል ላይ ያደረገችው ክርክር ነው። የሒሳብ ባለሙያ በመሆኔ ታሪኳ ይበልጥ ይማርከኛል።

ኤፋ በፊላዴልፊያ ተወልዳ አደገች፤ ኋላም ኒው ዮርክ ገብታ በባርኔጣ ሥራ ትተዳደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 በሃርለም ጥቁሮችን በደንበኝነት እንጂ በሻጭነት የማይቀበል አንድ ትልቅ መደብር ነበር። ኤፋ ከሌሎች ጋር ሆና በመደብሩ ላይ ሰልፍ አስተባበረች፤ መደብሩም ጥቁር ሴቶችን ለመቅጠር ተስማማ።

በ1935 ከባለቤቷ ከኤብ ማንሊ ጋር የቤዝቦል ቡድን አቋቋሙ። በዓመቱ ቡድኑ ወደ ኒውርክ ተዛውሮ ኒውርክ ኢግልስ ተባለ። ያን ጊዜ ጥቁሮች በነጮች ሊግ እንዲጫወቱ ስለማይፈቀድላቸው የራሳቸው ሊጎች ነበሯቸው። ኤብ ተጫዋች ይመለምላል፤ ደመወዙ፣ ውሉ፣ የጨዋታ ፕሮግራሙና ጉዞው በኤፋ እጅ ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ፈተናው በረታ። ላሪ ዶቢ፣ ሞንቲ ኧርቪንና ሊዮን ዴይን የመሳሰሉ ምርጥ ተጫዋቾች ለውትድርና ተወሰዱ። ቤንዚን በራሽን ሆነ። በ1943 ቡድኖች በራሳቸው አውቶቡስ እንዳይጓዙ ተከለከለ፤ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ለሚጫወቱት የጥቁር ቡድኖች ይህ ትልቅ ጉዳት ነበር። እንዲያም ሆኖ የጥቁሮቹ ሊጎች ሻምፒዮና በ1942 እንደገና ተጀምሮ በጦርነቱ ዓመታት አልተቋረጠም፤ ኤፋም ቡድኗን ሳትበትን አቆየች። ተጫዋቾቹ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ፣ በ1946 ኢግልስ ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስን 4 ለ 3 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚያ ሌላ ትግል መጣ። የነጮቹ ሊግ በሩን ሲከፍት፣ ብሩክሊን ዶጀርስ ዶን ኒውኮምብን ከኢግልስ ላይ አንድም ሳንቲም ሳይከፍል ወሰደ። ኤፋ ዝም አላለችም፤ በየጋዜጣው ተሟገተች። በ1947 ክሊቭላንድ ላሪ ዶቢን ፈልጎ 10,000 ዶላር ሲያቀርብላት፣ ተከራክራ 15,000 አደረሰችው።

ድሉ ግን ዋጋ ነበረው። ተመልካቹ ጥቁር ኮከቦችን ለማየት ወደ ነጮቹ ስታዲየም ጎረፈ፤ የኢግልስ ገቢ ወደቀ፤ በ1948 ቡድኑ ተሸጠ። ኤፋ በ1981 በሎስ አንጀለስ አረፈች። አዳራሹ ስሟን ያሰፈረው ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ2006 ነው።

እህቶቼ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ዕቃ በዱቤ ስንሰጥ፣ በጋራ ስንነግድ፣ ለዘመድም ቢሆን ስናበድር፣ ወረቀት ላይ አስፍረን እንፈራረም። የላባችንን ዋጋ መጠየቅም ነውር የለውም።