ጥፋቱን ከሰው ወደ ቁልፍ ያዞረው ፖል ፊትስ

የሞባይል ስክሪን ዲዛይን ስንማር የፊትስ ሕግ የምትባል ቀመር ትመጣለች። ሰውዬው ግን ሞባይል የሚባል ነገር ሳያይ ነው የሞተው፤ ሙያውም ሥነ ልቦና ነበር።

ፖል ፊትስ እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ፣ ቴነሲ ተወለደ። በ1947 ከሪቻርድ ጆንስ ጋር ሆኖ የፓይለት ስህተት የተባሉ 460 አጋጣሚዎችን መረመረ። በብዙዎቹ ፓይለቶቹ አንዱን መቆጣጠሪያ ከሌላው አምታተዋል። ያኔ እንደተለመደው ፓይለቱን መውቀስ ይቻል ነበር። ፊትስ ግን የመቆጣጠሪያዎቹን ቅርጽና አቀማመጥ ነው የጠየቀው።

በ1954፣ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ ቀመሩን አሳተመ። ነገሩ ቀላል ነው፦ የምንነካው ነገር ሲርቅ እጃችን ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ሲሰፋ ደግሞ ቶሎ ይደርሳል።

ፊትስ በ1965፣ በ52 ዓመቱ አረፈ። የመጀመሪያው የእጅ ሞባይል ጥሪ የተደረገው ከ8 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የአፕል መመሪያ ለሚነካ ቁልፍ 44 በ44 ፖይንት፣ የአንድሮይድ ደግሞ 48 በ48 ዲፒ ስፋት ሲመክሩ ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይሄዳሉ።

እንግዲህ እኛም የሠራነውን አፕሊኬሽን ጓደኛችን ሲሞክር "አስቀምጥ"ን ፈልጎ "ሰርዝ"ን ከነካ፣ አስተውል እንጂ ብለን ከመቆጣታችን በፊት ቁልፎቹን እንለካቸው።