ከማስተማር የተከለከሉት መምህር



ተማሪ ሳለሁ ከአገራችን ውጭ ስላለው አፍሪካ የተነገረኝ ታሪክ ቅኝ ገዢዎች ከመጡበት ዘመን የሚጀምር ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ጨለማ ይመስለኝ ነበር። ይህን ጨለማ የገፈፉልኝ ሴኔጋላዊው ሙስሊም ሊቅ ሸይኽ አንታ ዲዮፕ ናቸው። «ሸይኽ» ማዕረጋቸው ሳይሆን ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ነው።

ዲዮፕ እ.ኤ.አ. በ1923 በጁርቤል አውራጃ ቻይቱ በምትባል መንደር ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰባቸው ሸይኽ አሕመዱ ባምባ ከመሠረቱት የሙሪድ ጠሪቃ ጋር የተሳሰረ ነበርና መጀመሪያ የተቀመጡት በቁርኣን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በፈረንሳዮች ትምህርት ቤት አልፈው በ1946 ፓሪስ ገቡ። ሂሳብ ሊማሩ ሄደው ፍልስፍናን፣ ታሪክንና የኑክሊየር ፊዚክስን ጨመሩበት።

በዘመኑ የጥንቷ ግብፅ ሥልጣኔ ከአፍሪካ ተነጥሎ ይጠና ነበር። ዲዮፕ ግን የግብፅ ሥልጣኔ የጥቁር ሕዝብ ሥራ ነው ብለው ተነሡ። የአፍ መፍቻቸውን ወሎፍን ከጥንታዊው የግብፅ ቋንቋ ጋር እያነጻጸሩ ያዘጋጁትን መጽሐፍ በ1954 አሳተሙ። በአፍሪካ ቋንቋ ሳይንስ አይነገርም ለሚሉትም መልስ ይሆን ዘንድ ስለ አንጻራዊነት መርሕ የሚያትት ጽሑፍ ወደ ወሎፍ ተረጎሙ።

በ1960 የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ተከራክረው አለፉ። የተሰጣቸው ደረጃ ግን በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የማያበቃ ሆነ። በዚያው ዓመት ነጻ ወደወጣችው አገራቸው ቢመለሱም የማስተማሪያው ክፍል በር ለሃያ ዓመት ያህል ተዘግቶባቸው ቆየ። የፕሬዚዳንት ሴንጎርን መንግሥት በመቃወማቸውም በ1962 ለአንድ ወር ያህል ታሰሩ፤ የመሠረቷቸው ፓርቲዎችም ታገዱ።

እርሳቸው ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በዳካር የምርምር ተቋም ውስጥ የጥንት ቅሪቶችን ዕድሜ በካርቦን 14 የሚለካ ላቦራቶሪ አቋቁመው በ1966 ሥራ አስጀመሩ። በ1974 ዩኔስኮ በካይሮ በጠራው ጉባኤ ከኮንጎው ቴዎፊል ኦቤንጋ ጋር ቀርበው ከዓለም የግብፅ ጥናት ሊቃውንት ጋር ተሟገቱ። ብዙዎቹ መደምደሚያቸውን አልተቀበሉም። የሁለቱን ያህል በጥንቃቄ የተዘጋጀ ጥናት ይዞ የቀረበ ሁሉም ተሳታፊ እንዳልነበረ ግን የጉባኤው ሪፖርት ራሱ መስክሯል።

በ1981 በዳካር ዩኒቨርሲቲ እንዲያስተምሩ ተፈቀደላቸው። ያስተማሩት ጥቂት ዓመት ብቻ ነው፤ በ1986 በ62 ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1987፣ ለረጅም ጊዜ በሩን የዘጋባቸው ያው ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ተሰየመ። አላህ ይዘንላቸው።

እኔ ዲዮፕ ያሉትን ሁሉ ልቀበል አልልም። በግብፅ ጉዳይ ላይ ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። ልቤን የሚነካው ግን መንገዳቸው ነው። ታሪካችን ተዘረፈ ብለው በማልቀስ አልቆሙም፤ ማስረጃ ፍለጋ ወጡ። ከቅኝ ግዛት በፊት ስለነበረችው አፍሪካ ሲጽፉ የቲምቡክቱ ዑለሞች በአረብኛ የጻፏቸውን እንደ አስ-ሰዕዲ «ታሪኽ አስ-ሱዳን» ያሉ ኪታቦች ምስክር አድርገው አቀረቡ። እነዚያ ዑለሞች ባይጽፉ፣ የጻፉትንም ልጆቻቸው ባይጠብቁ ኖሮ ዲዮፕ ምን ይዘው ይቆሙ ነበር?

ወንድሞችና እህቶች፣ ጥያቄው ወደ እኛም ይዞራል። በሐረርና በወሎ አባቶቻችን በአረብኛና በዐጀም የጻፏቸው ኪታቦች አሉ። ታሪካችን በሌሎች ብዕር ብቻ ተጻፈ እያልን እናማርራለን። በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ ያለውን ግን ስንቶቻችን ገልጠን አይተናል? ምስጥ ከበላው በኋላ የምናሰማው ሮሮ ማስረጃ አይሆንም። ሣጥኑን እንክፈት፣ ልጆቻችንም ማንበብን ይማሩ። ኪታቡ ቢጠፋ ግን ተጠያቂው ሌላ ሳይሆን እኛው ነን።

ወላሁ አዕለም።